ዓይኑ ለደከመ አንባቢ አባቴ በስልክ የማነብለት መጽሐፍ ጠቁሙኝ

ቤቲ_አሌክሳንድሪያ፦

ሰላም ለሁላችሁም፣ እዚህ ሁሌ አንብቤ ነው የምወጣው ዛሬ ግን ራሴ ልጠይቅ፣ ትንሽ ረዘም ይላልና ታገሱኝ።

አባቴ 71 ዓመቱ ነው፣ አዲስ አበባ ጉለሌ ነው የሚኖረው። ዕድሜ ልኩን ሂሳብ ሠራተኛ ነበር፣ እኔ ግን ልጅ ሆኜ የማስታውሰው ሲያነብ ነው። ከሥራ ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ መጽሐፉን ያነሳል፣ እናቴ እራት ቀርቧል ስትለው "ይቺን ገጽ ልጨርስ" ይላል፣ ገጿ ደሞ አታልቅም። መጽሐፎቹን በሙሉ በጋዜጣ ወይ ባሮጌ ካላንደር ይለብጣቸዋል፣ ጀርባቸው ላይ በቀይ እስክሪብቶ ርዕሱን ይጽፍበታል። አንዳንዶቹ ውስጥ የኪራይ ሱቅ ማህተም አለ፣ ድሮ መጽሐፍ የሚያከራዩ ሱቆች ሲዘጉ እየዞረ የገዛቸው ናቸው።

ግላኮማ ያዘው። ካምና ጀምሮ ፊደል መለየት አልቻለም፣ ብርሃንና ጥላ ያያል፣ ሰው መግባቱን ያውቃል፣ ገጽ ግን ነጭ ነው የሚሆንበት። ስለ ዓይኑ ሲያማርር ሰምቼው አላውቅም። አንድ ቀን ብቻ ስደውልለት "ዛሬ የመጽሐፎቼን አቧራ ጠረግኩ" አለኝ፣ ስልኩን ዘግቼ መኪና ውስጥ አለቀስኩ።

ከዛ ለምን እኔ አላነብለትም አልኩ። አሁን እዚህ አሜሪካ ሰመር ስለሆነ የ7 ሰዓት ልዩነት ነው፣ የኔ ላንች ብሬክ በኛ አቆጣጠር ቀን 7 ሰዓት ላይ ነው እዛ ደሞ ማታ 2 ሰዓት ይሆናል፣ እራቱን በልቶ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል፣ የአክስቴ ልጅ ስልኩን ስፒከር ላይ ታደርግለታለች። ፓርኪንግ ውስጥ መኪናዬ ውስጥ ሆኜ ግማሽ ሰዓት አነብለታለሁ። የጀመርነው በፍቅር እስከ መቃብር ነው ምክንያቱም እኔ ጋ የነበረው አማርኛ መጽሐፍ እሱ ብቻ ነበር፣ 11 ዓመቴ ላይ ወደዚህ ስመጣ እሱ ራሱ ሻንጣዬ ውስጥ የከተተልኝ።

አማርኛ አንብቤ እረዳለሁ ግን ጮክ ብሎ ማንበብ ሌላ ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር። መጀመሪያ ሰሞን በየመስመሩ ያቆመኝ ነበር። "ገና" የሚለውን አጥብቄ አነበብኩት፣ "የልደቱን በዓል አይደለም የሚለው ልጄ፣ ላላ አድርጊው፣ ገና አልመጣም ነው የሚለው" አለኝ። "አለ" ላይ ደሞ እንደዛው፣ ተናገረ የሚለውን ይኖራል አድርጌ አነባለሁ። አንድ ጊዜ እንዲህ እያረመኝ ከአንድ ገጽ ግማሽ ሳናልፍ ሰዓቴ አለቀ። ግን ሳቅ ብሎ ነበር፣ ከስንት ወር በኋላ የሰማሁት ሳቅ ነው።

ባለፈው ሳምንት ጨረስነው። ሰብለ ከቤት የጠፋችበት ጋ ስደርስ አስቆመኝና ዝም አለ፣ ኔትወርክ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ አልኩ። "አለሁ" አለኝ፣ "ወጣት ሆኜ ሳነበው ፊታውራሪ መሸሻ እንዲዋረድ ነበር ስጠብቅ የነበረው፣ ዛሬ አዘንኩለት፣ ልጅ የሄደችበት አባት ነው" አለኝ። እኔ ምን ልበለው።

አሁን ጥያቄዬ፦ የሰፈራችን ልጅ በሚቀጥለው ወር ከአዲስ አበባ ይመጣል፣ አራት አምስት መጽሐፍ ይዤልሽ እመጣለሁ ብሎኛል። አባቴን የቱን ላስመጣ ስለው "አንቺ የወደድሽውን" ነው የሚለኝ፣ እኔ ደሞ የማውቀው የለም። እናንተ ዕድሜ ልካችሁን ያነበባችሁ ሰዎች በጣም የምትወዱት የቱ ነው? ለምን ወደዳችሁት? ደሞ ጮክ ተብሎ ሲነበብ ጆሮ ላይ የሚጥም ይሁን። ስም ዝርዝር ብቻ ባትጽፉልኝ፣ ምክንያቱን ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

—

መምህርት_ከማርቆስ፦

ልጄ ቤቲ፣ ተባረኪ። ጽሑፍሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔ 33 ዓመት አማርኛ ያስተማርኩ ጡረተኛ ነኝ፣ ስለዚህ ዝም ብዬ ላልፍ አልችልም።

መጀመሪያ ስለ ማጥበቅና ማላላት። አትዘኝበት፣ ፊደላችን አይጽፈውም፣ አንባቢው ነው ከዐረፍተ ነገሩ አውቆ የሚያጠብቀው። እዚሁ ተወልደው ያደጉ ተማሪዎቼም ድምፅ አውጥተው ሲያነቡ ይሳሳቱ ነበር። አንድ ዘዴ ልንገርሽ፦ ቀን ላይ አስቀድመሽ የምታነቢውን ገጽ ለብቻሽ እይውና የሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ በእርሳስ ነጥብ አድርጊበት። ይመታል የሚለውን እይ፣ እሱ ሌላውን ይመታል እና እሱ በሌላ ሰው ይመታል ጽሑፉ አንድ ነው፣ ሳታስቢበት ካነበብሽው መቺውን ተመቺ ታደርጊዋለሽ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ሳታውቂው በትክክለኛው መጽሐፍ ነው የጀመርሽው። ፍቅር እስከ መቃብርን እኔ መጀመሪያ ያወቅሁት በጆሮዬ ነው። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሰፈራችን ሬዲዮ ያለው አንድ ቤት ነበር፣ ጎረቤቱ በሙሉ እዛ ይሰበሰባል፣ ቡና ይፈላል፣ ልጆች መሬት ላይ ነን። ባለቤትየው ባትሪው እንዳይደክም ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ያሰጣው ነበር፣ እኛ ደሞ ዶሮ እንዳይነካው እንጠብቃለን፣ ማታ ትረካው መሃል ድምፁ እየሰለለ ከሄደ በቃ ለቅሶ ነው። ወጋየሁ ፊታውራሪን ሲሆን ቤቱ ይፈራል፣ ሰብለን ሲሆን ሴቶቹ ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ ያደርጋሉ። ፊደል ያልቆጠሩ እናቶች እኮ ናቸው ጉዱ ካሳ ያለውን በነጋታው ወንዝ ወርደው ልብስ እያጠቡ የሚከራከሩበት። መጽሐፉ የታተመው በ1958 ነው፣ አብዛኛው የኛ አገር ሰው ግን የተዋወቀው በዚያ ድምፅ ነው። አባትሽም በጆሮው ሰምቶት ይሆናል ጠይቂው።

አባትሽ ስለ ፊታውራሪ ያለው ነገር ልቤን ነካው ምክንያቱም እኔም እንደዛ ነው የሆንኩት። በ17 ዓመቴ በዛብህንና ሰብለን ብቻ ነበር የማየው፣ ሌላው ገጽ ቶሎ እንዲያልፍልኝ ነበር የምፈልገው። ደግሞ እይ ፍቅሩ የመጣው በምንድነው፣ በፊደል ነው እኮ፣ አባትዋ ባላባት ሁሉ ዘሩ አነሰ እያለ ሳትዳር ያስቀመጣትን ልጅ ሊያስተምር የገባ የቆሎ ተማሪ ነው። ማስተማር ስጀምር ደሞ ጉዱ ካሳን ያዝኩ፣ ለተማሪዎቼ እሱን እያነበብኩ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ። ልጅ ከወለድኩ በኋላ ያነበብኩት ግን የተለየ መጽሐፍ ነው የሆነብኝ። የበዛብህ እናት የተሳለችው ስለት አለ አይደል፣ ልጄን አግብቶ እንዳይኖር ለእግዚአብሔር ሰጥቻለሁ ያለችው፣ ድሮ ሳነበው የታሪክ መነሻ ብቻ መስሎኝ ነበር የማልፈው። ልጄ የ3 ዓመት ሆኖ ትኩሳት ይዞት ሆስፒታል ያደርኩ ሌሊት እኔም ስንቱን ተሳልኩ። ከዛ በኋላ መጽሐፉን ስገልጠው ያቺን ሴት ነው የማየው፣ ልጅዋ እንዲኖርላት ብላ ያሰረችው ቋጠሮ መልሶ ልጁን ሲያንቀው። ለምን ትወጂዋለሽ ብትይኝ ይሄ ነው፣ አራት ጊዜ አንብቤው አራቱንም ጊዜ ያዘንኩት ለተለያየ ሰው ነው።

እንዲመጣልሽ የምመክርሽ አንደኛው መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ ኃይሉ ነው። ይሄ ልብ ወለድ አይደለም። አለቃ ለማ የቤተ ክህነት ሊቅ ነበሩ፣ ልጃቸው መንግሥቱ ለማ፣ ያው ገጣሚውና የተውኔት ጸሐፊው፣ አባቱን ቁጭ አድርጎ እያጫወተ በቴፕ ቀዳቸው፣ የተቀዳውን ነው ወደ ጽሑፍ የመለሰው። ስለዚህ ከመጀመሪያው የአፍ ወግ ነው፣ ሽማግሌ እሳት ዳር ሲያወጋ የምትሰሚው ነው የሚመስለው፣ የቆሎ ተማሪ መከራ፣ የቅኔ ቤት፣ የድሮ ሰው ጨዋታ። ስታነቢው ዐረፍተ ነገሩ ራሱ የት እንደምትተነፍሺ ይነግርሻል። ደግሞ ሐሳብ ይሰጥሻል፣ አንቺም አባትሽን ቅጂው። በየመስመሩ የሚያስቆምሽ አባት ብዙ የሚያወራው አለው ማለት ነው።

ሁለተኛው የከበደ ሚካኤል ታሪክና ምሳሌ። አባትሽ ትምህርት ቤት በቃሉ የተማረው ነገር አይጠፋበትም። አዝማሪውና የውሃ ሙላቱን ጀምሪለትና ዝም በይ፣ ራሱ ይጨርስልሻል ብዬ እገምታለሁ። አዝማሪው ወንዝ ሞልቶበት እንዲጎድልለት ይዘፍንለታል፣ የሰማው ውሃ ያልፋል ያልሰማው ይመጣል። እኔ ይሄን ግጥም ስንት ስብሰባ ላይ ተቀምጬ እንዳስታወስኩት።

—

የለገሃሩ_አንባቢ፦

ቤቲ ሰላም ነሽ፣ እኔ እንደ እትዬ መምህርት ማብራራት አልችልም ግን መጽሐፍ ሳልይዝ ከቤት ወጥቼ አላውቅም፣ ታክሲ ነው የምነዳው፣ ወረፋ እስኪደርሰኝ ስቲሪንግ ላይ ዘርግቼ አነባለሁ ተሳፋሪ ሞልቶ ረዳቱ በሩን ሲደበድብ ነው የምነቃው።

የኔ ኦሮማይ ነው። የበዓሉ ግርማ። ወንድሜ ነው ያስነበበኝ፣ እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ። መጽሐፉ በ1975 ወጥቶ ወዲያው ከገበያ ተለቀመ አይደል፣ ከዛ በኋላ ያለው ሰው በድብቅ ነው የሚያከራየው፣ ወንድሜ ለአንድ ሌሊት ተከራይቶት መጣ፣ ለአንድ ሌሊት ብቻ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ መመለስ አለበት። እኔ ያኔ የ14 ዓመት ልጅ ነኝ። እሱ አንብቦ የጨረሰውን ገጽ ሳይሆን አብረን ነው፣ ብርድ ልብስ መስኮቱ ላይ ሰቅለን፣ እሱ ጎን ተኝቼ፣ እሱ ፈጣን ነው እኔ ዘገምተኛ፣ ገጹን ሊገልጥ ሲል እጁን እይዘዋለሁ፣ ይጠብቀኛል። ሊነጋ ሲል ጨረስነው። ፊያሜታን ያኔ የወደድኳት እስካሁን አለች።

መጽሐፉ ስለ ቀይ ኮከብ ዘመቻ ነው፣ ደርግ ኤርትራ ውስጥ አማፂዎቹ ላይ የከፈተው፣ በዓሉ ራሱ እዛ ነበር፣ በዓይኑ ያየውን ነው የጻፈው፣ ጋዜጠኛ ነው ዋናው ገጸ ባሕርይ ፀጋዬ። ለጻፈው ነገር ከሥራው ተባረረ፣ በ1976 የካቲት ላይ ከቤት እንደወጣ አልተመለሰም፣ መኪናው ብቻ መንገድ ላይ ቆማ ተገኘች። የኦሮማይን ትርጉም ታውቂያለሽ አይደል፣ አስመራ የሚሉት ቃል ነው ከጣሊያን የመጣ፣ በቃ አለቀለት እንደማለት ነው። እኔ ይሄን መጽሐፍ የምወደው ደራሲው ስለሞተበት አይደለም፣ ሰው እንዲ ይላል፣ እንደሱ አይደለም። የምወደው ሁለቱንም ወገን ሰው አድርጎ ስላሳየኝ ነው። በዛ ጊዜ ሬዲዮ ስትከፍቺ ያኛው ወገን ወንበዴ ነው በቃ፣ መጽሐፉ ውስጥ ግን ይፈራሉ ይዋደዳሉ ይቀልዳሉ። የ14 ዓመት ልጅ ሆኜ ያንን አየሁ፣ ከዛ በኋላ ሬዲዮውን እንደድሮው መስማት አልቻልኩም።

ጮክ ተብሎ ሲነበብም ይሄዳል፣ አጫጭር ነው ንግግሩ፣ ቶሎ ቶሎ ነው። አንድ ነገር ብቻ ግን። አባትሽ በዛ ዘመን ጎልማሳ ነበረ ማለት ነው። መጀመሪያ ጠይቂው እሺ፣ ዝም ብለሽ አትጀምሪበት። በዛ ጦርነት ሰው ያላጣ ቤት የለም፣ ማታ እራት በልቶ ለመተኛት የሚያዳምጠው ነገር ላይሆን ይችላል። በፈረንጅ 2025 በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ወጥቷል፣ አንቺ ቀድመሽ በሱ ልታይው ትችያለሽ ከፈለግሽ፣ ለልጆችሽም ይሆናል።

—

ሰናይት_ዱባይ፦

ቤቲዬ እህቴ እኔም ላካፍልሽ። እኔ ሰው ቤት ነው የምሠራው ዱባይ 9 ዓመቴ። ድሮ ሕፃን ሆኜ አንባቢ አልነበርኩም እውነቱን ለመናገር፣ እዚህ ነው የጀመርኩት፣ ማታ 5 ሰዓት ክፍሌ ስገባ ከማን ጋር ነው የማወራው፣ ቤተሰብ ተኝቷል፣ ስልክ ላይ ቲክቶክ ሳይ ደሞ ይበልጥ ይከፋኛል።

የመጀመሪያው ሙሉ መጽሐፌ ነገም ሌላ ቀን ነው የሚለው ነው፣ ነቢይ መኮንን የተረጎመው። የአሜሪካኖች መጽሐፍ ነው፣ በእርስ በርስ ጦርነታቸው ጊዜ ስለነበረች ስካርሌት ስለምትባል ሴት። አንዲት ልጅ አገር ቤት ልትገባ ስትል አልጋዬ ላይ ጥላልኝ ሄደች፣ ወፍራም ነው አይቼው ፈራሁ። ከዛ ታሪኩን ነገሩኝ። ነቢይ የተረጎመው እስር ቤት ሆኖ ነው፣ በደርግ ጊዜ ማዕከላዊ ታስሮ፣ ወረቀት ስለማይፈቀድ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ፣ 3000 ያህል ቁራጭ ወረቀት ነው ይላሉ፣ ለታሳሪዎቹም ያነብላቸው ነበር፣ ቁራጩ እየሾለከ ወጥቶ ነው በኋላ መጽሐፍ የሆነው። እኔ ይሄን ከሰማሁ በኋላ ሳነብ በየገጹ እየቆምኩ ይቺ ምን ያህል ፓኮ ትሆን እላለሁ። እጄን ሳሙና ልጦት ነበር ያኔ፣ ገጹን ስይዘው ያቃጥለኝ ነበር፣ ግን አላቆምኩም። እንዳያልቅብኝ ብዬ በቀን አራት ገጽ ብቻ ነው ያነበብኩት፣ ከዛ በላይ ላለማንበብ ከራሴ ጋር ተማምዬ፣ እና ለወራት አብራኝ ኖረች።

ስካርሌትን ሁሌ አልወዳትም፣ ራስ ወዳድ ናት። ግን ተርባ ከመሬት ሥር ቆፍራ የምትበላበት ጋ ስደርስ፣ ከዚህ በኋላ አልራብም የምትለው፣ እኔ ለምን እንደወጣሁ ትዝ አለኝ፣ እናቴን ትዝ አለችኝ። የጠላሁትም አለ። ባሮቹ ጥቁሮቹ እዛ መጽሐፍ ውስጥ ጌቶቻቸውን እንደወደዱ አድርጎ ነው የሚያሳየው፣ ይሄ ውሸት ነው፣ ሰው ቤት የሠራ ሰው ያውቀዋል፣ ፈገግ ማለትና መውደድ አንድ አይደለም። ስታነቢለት ለአባትሽ ይሄንንም አውሪው፣ አንቺ እዛው አገር ነሽ ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ። እኔ ብዙ ጊዜ ይሄን አስቤበት ነቢይ እስር ቤት ሆኖ ለምን ይሄን መረጠ እላለሁ፣ ግን ሰዎቹ በዛ ክፍል ውስጥ ማታ ማታ ነገም ሌላ ቀን ነው የሚለውን ሲሰሙ ምን እንደተሰማቸው ይገባኛል።

—

ሀብታሙ_6ኪሎ፦

ማንም ደራሲው አዳም ረታን አላነሳም እንዴ?? የሱ ልብ ወለድ ግራጫ ቃጭሎች ሳይኖር ዝርዝሩ አይሞላም። ዋናውን ገጸ ባሕርይ መዝገቡን ያላወቀ ሰው ብቸኝነትን በአማርኛ አላነበበም ባይ ነኝ። እኔ ሁለተኛ ዓመት ዩኒቨርስቲ ሆኜ ነው ያነበብኩት፣ ዶርም ውስጥ ስምንት ሆነን እየኖርን ብቻዬን እንደሆንኩ ይሰማኝ ነበር፣ ያንን ስሜት ቃል አጥቼለት ነበር፣ እዛ አገኘሁት። የእንጀራ ዓይን፣ የግድግዳ ስንጥቅ፣ የሰፈር ሽታ፣ ማንም አይቶ የሚያልፈውን ነገር ገጽ ሙሉ ያቆይሻል። ቤቲ ይሄን ካላስመጣሽ ይቆጨኛል።

—

መምህርት_ከማርቆስ፦

ሀብታሙ ልጄ መጽሐፉ ትልቅ መጽሐፍ ነው እኔም አክብሬ ነው ያነበብኩት፣ ግን ለዓይን የተጻፈ ነው። ወደ ኋላ ተመልሰህ እያየህ፣ ቆም እያልክ የምታነበው ነው፣ በስልክ በግማሽ ሰዓት ሲቆራረጥ ሰሚው ይጠፋበታል። መጀመሪያ የቤቲም የአባትዋም ጆሮ ይላመድ። ሻንጣ ውስጥ ቦታ ከተረፈ ለራስዋ ትውሰደው።

—

ሀብታሙ_6ኪሎ፦

እሺ መምህርት እርስዎ ካሉ እቀበላለሁ። ግን ለራስዋ ብለዋል ይመዝገብልኝ።

—

ቤቲ_አሌክሳንድሪያ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ከሦስት ቀን በኋላ ነው የምመልሰው ምክንያቱም የጻፋችሁትን በየቀኑ ለአባቴ እያነበብኩለት ነበር። አዎ መልሶቻችሁን፣ መጽሐፍ ስለሌለን እናንተን ነው ያነበብነው።

እትዬ መምህርት፣ የባትሪውን ነገር ስነግረው ጮኸ፣ "እኛም እናሰጣ ነበር!" አለ፣ የአክስቴ ልጅ ደንግጣ ሮጣ መጣች። በሬዲዮ ሰምቶታል ያሉት ልክ ነው። አዝማሪውን ደሞ እንዳሉኝ አደረግኩ፣ እኔ ጋ መጽሐፉ ስለሌለ የአክስቴ ልጅ ከመደርደሪያው አውጥታ የመጀመሪያውን ስንኝ አነበበችለት፣ እስከ መጨረሻው ወጣው፣ አንድ ቦታ ብቻ ቆመና "ቆይ ቆይ አትንገሪኝ" ብሎ ራሱ አገኘው። 71 ዓመቱ ነው። የተማረው አራተኛ ክፍል እያለ ነው።

ሰናይት እህቴ ያንቺን ሳነብለት ብዙ ዝም አለ። ከዛ "ፈገግ ማለትና መውደድ አንድ አይደለም ያለችው ልጅ ማናት፣ ድገሚው" አለኝ። ሁለት ጊዜ ደገምኩለት። ሰላም በይልኝ ብሏል፣ እጅሽ እንዴት ሆነ ይልሻል።

የለገሃሩ ወንድሜ፣ ስለ ኦሮማይ እንዳልከኝ መጀመሪያ ጠየቅኩት። እሱም ነበረው ለካ። ያኔ በወጣ ሰሞን ከመለቀሙ በፊት ገዝቶት፣ ራሱ ግማሽ ላይ እያለ ቢሮ አብሮት ለሚሠራ ጓደኛው ለሁለት ቀን አዋሰው። ጓደኛው በዛው ሳምንት ወደ ሰሜን ተላከ። እሱም መጽሐፉም አልተመለሱም። ከዛ በኋላ ስንት ጊዜ በድጋሚ ታትሞ ሲሸጥ አይቶት ሳይገዛው ቀረ፣ አንድም ቀን አልገለጠውም፣ ይሄን ሁሉ ዓመት። እኔ ይቅርብን አባ አልኩት። "አይ፣ ያቆምኩበትን ገጽ አውቀዋለሁ፣ ከዛ ጀምሪልኝ" አለኝ።

ስለዚህ የማስመጣው ኦሮማይ፣ የአለቃ ለማ፣ ነገም ሌላ ቀን ነው፣ ታሪክና ምሳሌ ነው። ታሪክና ምሳሌው የራሱ ነው፣ ባሮጌ ካላንደር የተለበጠው፣ እሱን ላክልኝ አልኩት። ለኔ ደሞ ግራጫ ቃጭሎች፣ ሀብታሙ እንዳይቆጭህ።

—

ሰናይት_ዱባይ፦

ቤቲዬ አለቀስኩ። እጄ ደህና ነው በይልኝ አሁን ጓንት አለኝ። አንድ ነገር ልለምንሽ፣ ስታነቢለት ሪከርድ ብታደርጊው እና ብትልኪልኝ? ልብስ ስተኩስ እሰማዋለሁ።

—

የለገሃሩ_አንባቢ፦

እኔም እፈልጋለሁ፣ ወረፋ ላይ ስሆን። ለማንም አላሳልፈውም።

—

ቤቲ_አሌክሳንድሪያ፦

ጠይቄው እሺ ብሏል። ግን እርማቱም አብሮ ነው የሚቀዳው፣ አታጥብቂው ላላ አድርጊው ምናምን ሲለኝ ትሰሙታላችሁ፣ ያንን አትቁረጪው ብሎኛል። ልጁ ዓርብ ይገባል፣ ቅዳሜና እሑድ ነጥቤን በእርሳስ አደርጋለሁ፣ ሰኞ ማታ በ2 ሰዓት እንጀምራለን።